ለድንኳኑ የሚሆን ፎቶ

እኛ ቤት የሟች ፎቶ እንደሌለ ትዝ የሚለን ድንኳን ተተክሎ ወንበር መደርደር ሲጀመር ነው። ያኔ መታወቂያው ይፈለግና ጉርዱ ፎቶ የመስኮት ያህል ይለጠጣል። አባታችን ዛሬም ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያለው እንደዚያ ሆኖ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ግማሹ አገጩ ላይ አርፏል። ሬሳውን በክብር የሸኘ ሰፈር ፊቱን ለማኅተም ሲሰጥ ምንም አይመስለውም።

ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሕክምና ተመልሶ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው የአባታችን ቤት ሲተኛ፣ ሐኪሞቹ ያሉትን እሱም እኛም እናውቅ ነበር። አንድ ቀን ግድግዳውን ሲያይ ቆየና ለመነኝ።

«እኔን ማኅተም እንዳታስመቱብኝ። ፊቴ ሳይሄድ አንሳኝ።»

እኔ ደግሞ የፎቶ ጠላት ነኝ። ምግቡን ሳይቀምስ የሚያነሳውን ትውልድ ስሰድብ ነው የኖርኩት። በስልክህ አንሳው ቢሉኝም እምቢ አልኩ። ስልክ ሳይጠየቅ ፊት ያለሰልሳል፤ ወንድሜ ደግሞ ለስላሳ ሆኖ አያውቅም። ከአንድ ሶማሌ ባለሱቅ ባለሙያዎች የሚይዙት ዓይነት ያገለገለ ካሜራ ገዛሁ። የሰርግ ካሜራ ስለነበር ከደስታ በቀር ያየው ነገር የለም ብሎ ማለልኝ።

ከካሜራው ጋር የመጣውን መመሪያ እንደ ልብ ወለድ አነበብኩት። ነገሩ ሁሉ ድርድር ነው። የሌንሱን ቀዳዳ ስትከፍተው ብርሃን ይገባል፣ ጥርት የሚለው ቦታ ግን ይጠባል፤ ዓይኑ ሲጠራ ጆሮው ይደበዝዛል። ብርሃኑን የሚቆርጠውን መዝጊያ ስታዘገየው ብርሃን ይጠራቀማል፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ግን ይጨማለቃል። አይኤስኦ የሚሉትን ከፍ ስታደርገው ጨለማው ይገለጣል፣ ፊቱ ላይ ግን አሸዋ የተበተነ ይመስላል። አንዱን ካልሰጠህ ሌላውን አታገኝም። ይህን ያህል ሐቀኛ መጽሐፍ ካነበብኩ ቆይቼ ነበር።

የድሬ ፀሐይ ለፊት አታዝንም። ግቢ ባወጣው ዓይኖቹ ጉድጓድ ሆኑ። ስለዚህ ለሙቀቱ ሲባል መጋረጃው ቀኑን ሙሉ በሚዘጋበት ክፍል ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና መዝጊያውን አዘገየሁ። ፎቶው ሁሉ ደበዘዘ።

«አትንቀሳቀስ» አልኩት።

«አቦ፣ መች ተንቀሳቀስኩ።»

እውነቱን ነው። ወንበሩ ጠርቶ ወጥቷል፣ ግድግዳውም። የደበዘዘው እሱ ብቻ ነበር። ሁላችንም እንዳላየን የምናልፈውን የጭንቅላቱን መንቀጥቀጥ ካሜራው አይቶታል። ወንድሜ ስክሪኑ ላይ አጎንብሶ ተመለከተ።

«ይሄማ መሄድ ጀምሯል» አለ።

ከዚያ ወዲህ ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት እንሞክር ጀመር። መጋረጃውን ገለጥኩ፣ ወንበሩን ከመስኮቱ አጠገብ አዞርኩ፣ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ መዝጊያውን አፈጠንኩ። አንዳንድ ጠዋት ተላጭቶ ይጠብቀኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ መነሳት ያቅተውና ካሜራውን ከነሻንጣው እመልሰዋለሁ። የሸሚዙ ኮሌታ ከአንገቱ እየሰፋ ሲሄድ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ሰበሰብኩለት።

አንድ ጠዋት አንድ ባጃጅ ዘፈኑን አስጩኾ በበሩ አለፈ። ወንድሜ ሾፌሩን ሊሰድብ ወደ መስኮቱ ዞረ። ያኔ የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩት። ወጣ፤ ከሕመሙ በፊት የማውቀው ፊት፣ ዓለሙን ሁሉ የሚንቀው ያ ቅንድብ፣ ጥርት ብሎ።

«ብርሃኑ ትንሽ በዝቷል» አልኩት። «ነገ እንደግመዋለን።»

«እስቲ አሳየኝ።»

አሳየሁት። ብዙ ቆየበት።

«ምኑ ነው የበዛው?»

ግንባሩን ነጭ ስላደረገው ብርሃን፣ ስለ ቀዳዳው፣ ስለ መዝጊያው የማውቀውንም የማላውቀውንም ተናገርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጨንቄ ተከራክሬ አላውቅም። ፎቶው ካለቀ ቀጥሎ የሚጠበቀው ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እሱ፣ ክርክር የማይወደው ሰው፣ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ወደ አልጋው እንድደግፈው እጁን ዘረጋልኝ።

«እሺ፣ ነገም አንሳኝ» አለ። «ይሄኛውን ግን እንዳታጠፋው።»