የአስቴር ክኒን

አራት ሰዎች ነበርን። አስቴር፣ በገረሴ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መሪ። ባሏ ደንበሌ፣ ገበሬ። አለቃዬ አቶ ታምራት፣ የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ። አራተኛው እኔ፣ የአባላትን የመድኃኒት ደረሰኝ የምመረምር ሠራተኛ።

ሥራ በጀመርኩ ቀን አቶ ታምራት ማኅተሙን አስረከቡኝና፣ "ጋሼ፣ ለበሽታ እንከፍላለን፤ ለመነጽር፣ ለሰው ሠራሽ ጥርስና ለቁንጅና አንከፍልም" አሉኝ። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ አለቃ ግን አለቃ ነው። ብድግ ብዬ ተቀበልኩ። ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩት ያለ አስተማሪ ስለሆነ፣ የተነገረኝን በልቤ መያዝ ለምጃለሁ።

አስቴር እንቅርቷን አርባ ምንጭ ወርዳ በቀዶ ሕክምና አስወጥታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ እህል ሳትቀምስ፣ አንዲት ትንሽ ክኒን ትውጣለች። ክኒኑ ጤና ጣቢያችን ውስጥ ስለማይገኝ ደንበሌ ከአርባ ምንጭ ገዝቶ ደረሰኙን ያመጣል፤ እኛ ገንዘቡን እንመልስለታለን። ስሙን አስተካክሎ የሚጠራው አልነበረም። "የአስቴር ክኒን" እንለው ነበር።

አንድ ቀን አዲስ ሐኪም፣ ሰው እንዲገባው ብሎ፣ ማዘዣው ላይ በአማርኛ "ተተኪ ሆርሞን" ብሎ ጻፈበት።

በእኛ አገር ሆርሞን የሚታወቀው በዶሮ ነው። የፈረንጅ ዶሮ በአንድ ጊዜ ሲያብጥ "ሆርሞን ሰጥተውት ነው" ይባላል። አቶ ታምራት ወረቀቱን አይተው ሳቁ።

"ጋሼ፣ ሴትዮዋን ሊያደልቧት ነው እንዴ? ይሄ ቁንጅና ነው። ከዞን መልስ እስኪመጣ ይቆይ።"

"እስከ ዛሬ ስንከፍልለት አልነበረም?"

"እስከ ዛሬ ሆርሞን አልነበረማ!"

ቤቴ ውስጥ ልጅ ባልገባው ነገር ሲስቅ እቆጣለሁ። አለቃን ግን አይቆጡትም።

ደንበሌ ከኪሱ አውጥቶ መግዛት ይችል ነበር። አልገዛም። "መንግሥት የከለከለውን ሚስቴ አትውጥም" አለ፤ ቤት የተረፈውንም ጣለው።

ከዚያ በኋላ አስቴር ከእኛ ራቀች። ጉም በገረሴ ቤቶች መካከል ሲገባ ድምፅ የለውም፤ የእሷም መራቅ እንዲሁ ነበር። ፀሐይ ላይ በጋቢ ተጠቅልላ ትቀመጣለች። ሰላም ስንላት መልሷ ከሸለቆ ማዶ እንደሚመጣ ይዘገያል። እሑድ መዝሙር ስታስጀምር ድምጿ ጎርንኖ ወረደ። መዘምራኑ ተከትለዋት ወረዱ። ያስቆመ ሰው የለም፤ በሕልም የሚዘመር ይመስል ነበር።

ፊቷም አበጠ። መንደሩ ሁሉ "አያችሁ፣ ሆርሞኑ!" አለ።

የመድኑ መዋጮ የሚሰበሰብበት ጊዜ ሲደርስ ቀበሌው "ለዶሮ መድኃኒት አናዋጣም" ብሎ ነገሩን ወደ ዱቡሻ ወሰደው፤ ሽማግሌዎች ወደሚመክሩበት ሜዳ። ብዙ ሰው ተናገረ። በመጨረሻ አስቴር ተነሣች።

"አባቶች፣ አንድ ነገር ልጠይቅ" አለች፣ ቃል እየፈለገች። "ክኒኑን ስውጥ አብጬ ነበር?"

"አላበጥሽም" አሉ ሽማግሌዎቹ።

"ታዲያ ያበጥኩት መቼ ነው?"

ደንበሌ፣ "ካቆምሽ በኋላ" አለ።

"እንግዲህ ያሳበጠኝ ማቆሜ ነው። እንቅርቴ ሲወጣ የአንገቴ ዕጢ አብሮ ወጥቷል። ዕጢው ይሠራው የነበረው ሆርሞን ነው፤ ክኒኑ ምትኩ ነው። ይህን ሐኪሙ ነግሮኛል። እናንተ ግን አልጠየቃችሁኝም።"

አንድ ሽማግሌ ወደ አቶ ታምራት ዞሩ። "ልጄ፣ እግሩ የተቆረጠ ሰው ምርኩዝ ቢይዝ ለቁንጅና ነው ትላለህ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ታምራትም መሳቅ ጀመሩና አቀረቀሩ። በማግስቱ የዞኑን መልስ ሳይጠብቁ "ምታው" አሉኝ፤ ማኅተሙን መታሁ።

አስቴር ተመለሰች፣ ጉም እንደሚነሣ፣ ከእግር ወደ ላይ። ከፍ ያለው የዜማ ክፍል ግን አልተመለሰላትም።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው ይህን ነው፤ የማታውቁት ቃል ሲመጣ በመጀመሪያ በሽተኛውን ጠይቁ።

የክኒኑ የወር ዋጋ የአንዲት ዶሮ ያህል ነበር። የከፈልነው ደግሞ ይኸውና፤ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ዛሬም፣ አስቴር ትከተላቸው ዘንድ፣ መዝሙሩን ሁሉ ዝቅ አድርገው ይጀምራሉ።