ለማነጻጸሪያ የተወሰደ አፈር

ሥራዬ አፈር ነው። ቢሮዬ ካዛንቺስ ቢሆንም የፋብሪካ ፍሳሽ በሚገባበት ወንዝ ዳር ካሉ የአትክልት ማሳዎች አፈር እየቆፈርኩ እርሳስና ሌሎች ከባድ ብረቶች ይኖሩበት እንደሆነ አስመረምራለሁ። እናቴ የሥራዬን ወሬ ከሰማች ወዲህ የገበያ ጎመን አይንካኝ ብላ ጓሮዋ ተከለች። ለጎረቤት በፌስታል ስታድልም "የኔ ጎመን የፋብሪካ ውሃ አያውቅም" ትላለች።

አንድ ጊዜ የወንዝ ዳሩን የምናነጻጽርበት ንጹሕ አፈር አስፈለገን። ገጠር የሚወስደን መኪና ጠፋ። "የእናቴ ጓሮ አለ" አልኩ። አለቃዬ ደስ አለው። እናቴ ደግሞ ነጠላዋን አጣፍታ ስቆፍር ቆማ አየችኝ፤ በማግስቱ ጓሮዋ ለጥናት መመረጡን ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም።

ውጤቱ ሲደርስ የላብራቶሪ ባለሙያዋ ደወለችልኝ።

"ስማ፣ ናሙናዎቹ ተቀያይረውብሃል መሰለኝ። ማለቴ፣ ንጹሕ ያልከው ላይ ያለው እርሳስ ከወንዝ ዳሮቹ ሁሉ ይበልጣል።"

እንደገና ቆፍሬ ወሰድኩ። ያው ሆነ።

"እማዬ፣ ጓሮው ድሮ ምን ነበር?"

"ምን ይሆናል? አባትህ የሚሠራበት ነዋ። አንተ ሳትወለድ የመኪና ባትሪና መብራት የሚጠግን ኤሌትራውቶ ነበር። አሮጌ ባትሪ እየፈታ እርሳሱን እዚያ ያቀልጥ ነበር።"

እኔ የማውቀው አባቴ መለዋወጫ ሻጭ ነበር። እርሳስ አፈር ውስጥ ከገባ በቀላሉ እንደማይለቅ አስረዳኋት።

"ታዲያ የሞተ ሰው ልትከስ ነው?" አለችኝ። ቆይታ ግን "ያደልኳቸውስ?" አለች።

በማግስቱ ጎመኑን ከነሥሩ ነቅላ ጣለች። ከዚያ በየበሩ እየዞረች የሰጠቻቸውን እንዳይበሉ፣ ልጆቻቸውንም እንዲያስመረምሩ ነገረቻቸው። አብዛኞቹ አመሰገኗት። የአጥር ጎረቤታችን ግን የተነቀለውን ጎመን አይታ "አይ ሰው! ከምትሰጠን መጣሉን መረጠች። ምነው፣ መንግሥት ከመረጠው በኋላ ለጎመኑ እኛ አነስን?" ብላ አኮረፈች። እኔ ራሴ ሄጄ ባስረዳትም "አንተማ ልጇ ነህ" አለችኝ።

ማነጻጸሪያውን በኋላ ከገጠር አመጣን፤ መኪናም ተገኘ። እናቴ አሁን ጎመን የምትገዛው ባምቢስ ሰፈር ካለ ሱቅ ነው። ከየት እንደሚመጣ ሻጩን ጠይቃው "ከጓሮ ነው እማማ፣ አያስቡ" ብሏታል።