ቀድሞ የጠጣው ምሳር

ወረታ ገበያ ለአሮጌ መሣሪያ ስብስቤ የገዛሁትን አሮጌ ምሳር ብነቀንቀው፣ ብረቱ እጀታው ላይ ቀጭ ቀጭ አለ። ድምፁን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ።

ያኔ፣ ልጆች ሳለን፣ አባቴ ለድግስ ግንድ ሲፈልጥ ትንሿ እህቴ አጠገቡ ፍላጭ ትለቅም ነበር።

«የፎገራ በጋ እጀታውን አድርቆታል፤ ሳይነክሩት አይፍለጡ» አለች እናቴ።

«እንግዳ እየመጣ ምሳር ላጠጣ?» አላት።

ብረቱ ወልቆ በረረ። የእህቴን ሹሩባ ታክኮ የጭቃው ግድግዳ ላይ ተተከለ። እናቴ ነቅላ እጀታው ላይ መለሰችውና ለእንግዳ በተቀዳው ውሃ ነከረችው።

«ዋናው እንግዳ እሱ ነው፤ ቀድሞ ይጠጣ።»

የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። ሌላ የሳቀ አልነበረም።

ሌሎች ሰብሳቢዎች ምሳራቸውን ቅባት ቀብተው ይሰቅላሉ። እኔ እንጨቱ አብጦ ብረቱን እንዲይዝ ባልዲ ውስጥ እነክራለሁ። ዝገት ሰው አይገድልም። እህቴም ስትመጣ፣ ከመቀመጧ በፊት ባልዲው ውሃ እንዳለው ታያለች።