የመጋዙ ሳንባና የእህቴ መሐላ

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ መጋዙ ይለዋል። አናጺ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ አፉን ከከፈተ የፊቱን ሳይቆርጥ ስለማይመለስ ነው። እኔ የሚስቱ ታላቅ እህት ነኝ። ዓይንህ ላፈር ካልኩት ቆይቻለሁ። እሱም ያውቃል፤ ምን ቸገረው።

ሥራ ቤቱ ብትገቡ የምታዩት ጉልበት ብቻ ነው። ምስማር አልገባ ሲለው ቀዳዳ አይበሳለትም፤ ተለቅ ያለ መዶሻ ነው የሚያነሳው። አንዲት ደንበኛ የቁም ሳጥኔ በር አልዘጋ አለኝ ብላ ብትጠራው፣ ማጠፊያው እስኪነቀል በትከሻው ገፋው፤ ከዚያ ጥፋተኛው የሴትዮዋ ወለል ሆኖ አረፈው። እንጨት የሚያለሰልስበትን ማሽን ሲያስነሳ ቤቱ በብናኝ ይታፈናል። እህቴ የአፍንጫ መሸፈኛ ገዝታ ትሰጠዋለች፤ እሱ ቫርኒሽ ይወለውልበታል። የወንድ ሳንባ ብናኝ አይፈራም ይላል። ወንድነቱ ሳንባው ውስጥ መሆኑን ያወቅነው ያኔ ነው።

ታዲያ ይሄ ጀግና ሳል ያዘው። ጉንፋን ነው ብሎ እየሳለ ሲሠራ ሰነበተ። አንድ ቀን ከንፈሩ ጠቁሮ፣ አንድ ቃል ለመናገር ሁለቴ እየተነፈሰ ስናገኘው እኔና እህቴ ግራና ቀኝ ደግፈን ሆስፒታል አስገባነው። የሳንባ ምች ነው፣ ያውም ክፉው። ወዲያው ኦክስጅን ተደረገለት።

ሐኪሟ ድምፅዋ ዝግ ያለ ወጣት ነች። አልጋው አጠገብ ወንበር ስባ በደንብ አስረዳችን። አየር በሚገባባቸው የሳንባ ከረጢቶች ውስጥ ነባር ሕዋሳት አሉ አለች፤ ዘበኛም ናቸው፣ ጽዳትም ናቸው። የገባውን ብናኝና ተህዋስ እየዋጡ ይኖራሉ። ነገሩ ሲከብድ ከደም ውስጥ ሌሎች ተዋጊዎች ይጠራሉ። እነዚያ ጎበዞች ናቸው፤ ግን የሚረጩት መርዝ ተህዋሱን ብቻ ሳይሆን ሳንባውንም ያቃጥላል። ስለዚህ ነባሮቹ ሌላም ሥራ አለባቸው፤ የሞተውን እየዋጡ ያነሳሉ፣ ድብድቡ በቃ እንዲባል ያደርጋሉ፣ የተጎዳው ሥጋ እንዲጠገን ያግዛሉ። የመጋዙ ነባሮች ግን ብናኝ ሲውጡ ኖረው ደክመዋል፤ የቀሩትንም በሽታው ፈጅቷቸዋል። አሁን ገላጋይ የለም። ተህዋሱን የሚገድለው መድኃኒት በደም ሥሩ ይገባል፤ ድብድቡን የሚያበርደውን ኪኒን ደግሞ በአፉ ይወስዳል።

ለእኔ እንኳን ገባኝ። እሱ ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማው ድብድብ የምትለዋን ብቻ ነው። ሐኪሟ ስትወጣ፣ ይቺ ልጅ ወታደሮቼን ልታስተኛብኝ ነው አለ። እሱ በዕድሜው ጠብ አብርዶ አያውቅም፤ ይምቱ እንጂ፣ እስኪለይለት ይምቱ አለ። ዝም በል አልኩት። እህቴ ግን ግንባሩን እየዳበሰች ለመነችው፤ እሺ አላት።

ነርሷ ኪኒኑን ስታመጣለት እንደ ጨዋ ልጅ ይቀበላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ አንገቱን ይነቀንቃል። ትንፋሹ ግን ከቀን ወደ ቀን እየባሰ ሄደ። ሐኪሟ ግራ ገብቷት፣ ኪኒኑን በትክክል እየዋጠ ነው ወይ ብላ እህቴን ጠየቀቻት። እህቴ ባሏን አየችው፤ እሱም ዋጥኩ አለ።

«እሱ ይሙት፣ ውጧል» አለች እህቴ።

ሐኪሟ አመነቻት። ማብረጃው ካልሠራለት የሚቀረው ቱቦ በጉሮሮው አስገብቶ በማሽን ማስተንፈስ እንደሆነ፣ ከማሽኑ ደግሞ ሁሉም እንደማይመለስ ነገረችን። እህቴ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቀረች። ያን ጊዜ፣ ምን ይደረግ፣ ለዚያ ሰውዬ እኔም አለቀስኩለት።

ወደ ሌላ ክፍል ሊያዛውሩት ነው ተብሎ እህቴ ዕቃውን ስትሰበስብ የራስጌው ኮመዲኖ መሳቢያ እስከ መጨረሻው አልገባ አላት። ሌላ ሴት ብትሆን ትተወው ነበር፤ የአናጺ ሚስት ናትና መዝዛ አወጣችው። የጀርባው ጣውላ ተላቆ በዘዴ ተመልሷል፤ ከኋላው ያ ሁሉ ኪኒን በምራቅ ርሶ ተጣብቆ ተቀምጧል። መተንፈስ ያቃተው ሰውዬ መሳቢያ ለመፍታት አቅም አላነሰውም! በዕድሜው በጥንቃቄ የሠራት አንዲት የእንጨት ሥራ እሷ ትሁን?

እህቴ አልጮኸችም። አጠገቡ ቆማ መሳቢያውን አሳየችው።

«እሱ ይሙት ብዬ ነው እኮ የማልኩት» አለችው። «በአንተ ሞት ውሸት አስማልከኝ።»

እህቴ መሳቢያውን እንዳለ ታቅፋ ወደ ሐኪሟ ሄደች። ሐኪሟም ወቀሳ ሳታበዛ ቱቦ ማስገባቱን አቆይታ፣ ያንኑ ማብረጃ በደም ሥሩ አስገባችለት፤ እዚያ መቼም ምላስ የለ የሚደብቅበት። ቀስ በቀስ ትንፋሹ ረገብ አለ። ዳነ። ግን ገላጋይ ባጣው ድብድብ የተቃጠለው የሳንባው ክፍል ጠባሳ ሆኖ ቀረ። አሁን ከአልጋው እስከ በሩ ሲሄድ መሀል ላይ ወንበር ያስፈልገዋል።

ለጠያቂ የሚያወራውን ብትሰሙ! ወታደሮቼ አሸነፉ ይላል፣ እየቆመ እያረፈ። ሥራ ቤቱ ውስጥ ግን ጣውላውን ተሸክማ በእሱ ፋንታ ለተቀጠሩት ሠራተኞች የምታቀብለው እህቴ ናት።

የቀረውን ማብረጃ እንደገና በኪኒን እቤት ነው የሚጨርሰው። ሲውጥ እህቴ ፊቱ ትቆማለች፤ አፍህን ክፈት፣ ምላስህን አንሳ ትለዋለች፣ ያ ትልቅ ሰውዬ እንደ ሕፃን አፉን ይከፍታል። እኔ በሳቅ ሞትኩ። ኋላ ግን ወጥ ቤት ገብቼ፣ እስከ መቼ ነው የምትጠብቂው፣ ከፈለገ ይትፋው፣ ያንቺን ዕድሜ አይብላ አልኳት።

ሰሃኑን ማጠብ አላቆመችም።

«ለኪኒኑ ብዬ አይደለም እኮ፣ እትዬ» አለችኝ። «አፉን ሲከፍት ትንፋሹ ይሰማኛል።»

እኔም ሰሃኑን ተቀብያት አደራረቅሁ። እንዲህ ያለች ሴት ለመጋዙ መሰጠቷ አሁንም ያንገበግበኛል።