ከጎባ ሮቤ የሄደው የሻይ ጋሪ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ለምትከፍተው ካፌ ልትገዛው ያሰበችውን አንድ አሮጌ የእንጨት ዕቃ በስልኳ አሳየችኝ፤ ሁለት ደርብ ያለው፣ ከእግሮቹ ሥር ትንንሽ ጎማዎች የተገጠሙለት የሻይ ማቅረቢያ ነው። «አክስቴ፣ ስንት ያወጣል ትያለሽ?» አለችኝ። ስልክ ሽታ የለውም፤ እኔ ግን በሰም የተወለወለ የኮሶ እንጨት ሸተተኝና መልስ ሳልሰጣት የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ጎባ፣ እናትና አባቴ ቤት ገባሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አባቴ ታደሰ ጎባ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ንብረቱን በሐራጅ ሲሸጥ፣ እናቴ የሚያፈሰውን ጣሪያችንን የምንጠግንበት ቆርቆሮ ገዝቶ እንዲመጣ ላከችው። እሱ ግን በዚያ ድንጋያማ መንገድ ላይ እያንኳኳ፣ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ እያስጮኸ፣ ባለ ጎማ የእንጨት ጠረጴዛ እየገፋ ከተፍ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች እናቴ በር ላይ ቆማ።

«የሻይ ጋሪ ነው። የጣሊያን ሥራ ነው።»

«ጋሪ ከሆነ ፈረሱስ?»

የቤታችን ወለል ጭቃ ስለነበር፣ ያውም ወደ በሩ ያዘነበለ፣ ጋሪው ሻይ በተቀመጠበት ቁጥር ብርጭቆዎቹን ይዞ ቀስ እያለ ወደ ደጅ ጉዞ ይጀምራል፤ አባቴም ወሬውን ሳያቋርጥ በእግሩ ያስቆመዋል። ጎረቤቶች ሊያዩት መጡ። አንዷ የሕፃን አልጋ ነው አለች፤ ሌላዋ የሆስፒታል ዕቃ ነው ብላ ሻይዋን ሳትጠጣ ተነሣች። ለእኔ ቤቴ ነበር። ታችኛው ደርብ ላይ ተጣጥፌ ገብቼ፣ ከላይኛው ጣውላ ሥር በእሳት የተተኮሱትን ሦስት ፊደሎች በጣቴ እየተከተልኩ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ እናቴ ቁርጡን ተናገረች፤ ጋሪው ይሸጥና ጣሪያው ይሠራ። አባቴም ዋጋውን አዋቂ ይገምትልኝ ብሎ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጫነውና አብረን ሮቤ ሄድን፤ አባ ቃሲም ወደሚባሉ ሽማግሌ አናጢ ዘንድ።

«ነጋ ቡልታኒ» ብለው በኦሮምኛ ደህና አደራችሁ አሉን። አባቴም የሚያፈሰውን ጣሪያችንን ለማሠራት ጋሪውን ሊሸጠው እንደሆነ ነገራቸው። ጋሪውን በጎኑ አስተኙት፤ መጋጠሚያዎቹን ዳበሱ፤ በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው አሸተቱ። ከዚያ ቀና ብለው አባቴን በሐዘኔታ አዩት።

«ታደሰ፣ ጣሊያን ነው ያለህ ማነው?»

«ሐራጁ ላይ ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«ይሄ ሄጦ ነው፤ የኛው ተራራ ኮሶ። ጎማውንም እየው፤ ከጭነት መኪና ጎማ የተቆረጠ ነው። ሠሪው እጁ ጎበዝ ነው፣ አንድም ሚስማር አልመታም። ግን ያገር ልጅ ነው። ገበያ ብታወጣው ሁለት በግ ቢያወጣልህ ነው።»

የአባቴ ፊት ጭልም ሲል አላስቻለኝም። «ጽሑፍም አለው» አልኩ፤ ምናልባት የጣሊያኑ ስም ይሆናል ብዬ። እኔ የአማርኛውን ፊደል በደንብ ማንበብ እችል ነበር፤ የጣሊያን ስም በአማርኛ ፊደል መጻፉ ግን አላስገረመኝም።

አባ ቃሲም በዚያ ዓመት መሠረተ ትምህርት ገብተው ፊደል እየቆጠሩ ነበር። ላነብላቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝና ወፍራም ጣታቸውን በፊደሎቹ ላይ አስቀመጡ። «ጀ» አሉ። ቆዩ። «ማ።» ሦስተኛውን ለማለት ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣቸውም። መሬቱን የሸፈነው የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ቁጭ አሉ።

«ታናሽ ወንድሜ ነው» አሉ በመጨረሻ። ጀማል ጎባ እየሠራ ቆይቶ ወደ ኦጋዴን ዘምቶ አልተመለሰም። «ስሙን መጻፍ እንደሚችል ይነግረኝ ነበር። ያኔ ቢያሳየኝስ በምን ዓይኔ አነብለት ነበር?»

 አባቴ ቆቡን አንሥቶ «እንግዲህ እርስዎ ዘንድ ይቅር፣ አባ ቃሲም» አለ።

«በነፃማ አልወስድም። የሚያፈስ ጣሪያ አለኝ አላልክም?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቆርቆሮና መሰላል ይዘው ጎባ መጡ፤ ቀኑን ሙሉ ጣሪያው ላይ ሆነው ሚስማር ሲመቱ ውለው፣ ማታ እናቴ ያቀረበችላቸውን ሻይ መሬት ላይ በተቀመጠ ትሪ ጠጡ። እሳቸው ሲሄዱ እናቴ ባዶውን ጥግ እያየች «ጋሪዬን እኮ ለምጄው ነበር» አለች። አባቴም፣ ያን ቀን በር ላይ ቆማ «ፈረሱስ?» ያለችው ትዝ ብሎት፣ ፈገግ አለ።

አሁን አባቴም፣ እናቴም፣ አባ ቃሲምም የሉም። ጋሪው የት እንደደረሰ አላውቅም፤ አልፈለግሁትምም። የምፈልገው ሌላ ነው። ያን ዕለት ከሮቤ ስንመለስ አባቴ አውቶቡስ ውስጥ ጎኔ ተቀምጦ፣ ባዶ እጁን ገብቶ እናቴን ምን እንደሚላት በጆሮዬ ይለማመድ ነበር፤ አንዱን ምክንያት ጀምሮ ሳይጨርስ በራሱ ይስቃል፣ ሌላውን ይጀምራል፣ እንደገና ይስቃል፣ እኔም አብሬው እስክንፈቀፈቅ ድረስ። ምክንያቶቹን አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ። ሳቁ ግን እንዴት ያለ ድምፅ እንደነበረው፣ ይኸው ስንት ዓመት ሆነኝ፣ ከጆሮዬ ጠፍቶብኛል።