የሺ ያልተናገረችው

ጎሚስታ በእጅ ፓምፕ የብስክሌት ጎማ ሲነፋ ስሰማ ዛሬም ቆም እላለሁ። ታላቅ እህቴ የሺ እንደዚያ ነበር የምትተነፍሰው።

ቤታችን ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ ደንገሉ አጥራችንን ታኮ የሚበቅልበት ነበር። ክረምት ሲገባ ግድግዳው ረጥቦ ይሻግታል፣ የሺም ትራስ ደራርባ ቁጭ እንዳለች ታድር ነበር። የሰፈር ልጆች «ወናፍ! እስቲ እሳት አንድጅልን!» ይሏታል። ስትስቅ ይብስባት ስለነበር አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች። መስከረም ሲጠባ ግን ይሻላትና ውሃ ትቀዳ፣ ልብስ ታጥብ፣ እኔንም ትኮረኩም ነበር።

አንድ ዓመት መስከረም ጠብቶም አልተሻላትም። እናታችን ቡዳ ነው ብላ ጎረቤታችንን አያ ሞላን ጠራች። እሳቸውም በሩን ዘግተው፣ ቅጠልና አሮጌ ጫማ ፍም ላይ ጥለው፣ የሺን ከነጭሱ በጋቢ ሸፈኗት። ቡዳ የበላው ሰው ሲታጠን የበላውን ሰው ስም ይለፈልፋል ይባላል። ሁላችንም ስሙን እንጠብቅ ነበር።

«ማነህ? የት ያዝሃት? ተናገር!»

ከጋቢው ሥር ሲር ሲር ብቻ።

«እምቢተኛ ነው» አሉ አያ ሞላ። «ጭሱን ጨምሩ!»

«የሺዬ፣ ንገሪያቸውና ይተውሽ» አለች እናቴ፣ የጋቢውን ጫፍ ወደ ታች ይዛ።

የሺ አንድ እጇን አወጣች። እናቴ መልሳ አስገባችው።

ሐኪም ቤት ስናደርሳት ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ሐኪሙ ለነርሷ «ዲስፕኒያ» ሲል ሰማሁ። ሌላውን አልሰማሁም። ሳይመሽ ሞተች።

ቃሉ ግን አልለቀቀኝም። ሃይስኩል ስገባ የባዮሎጂ መምህራችንን ጠየቅኋቸው።

«የግሪክ ቃል ነው» አሉ። «‹ዲስ› አስቸጋሪ፣ ‹ፕኖያ› ትንፋሽ ማለት ነው። የበሽታ ስም አይደለም፣ ምልክት ነው። ሲጠና፣ በሽተኛው ሁለት ቃል እንኳ አከታትሎ መናገር ያቅተዋል።»

ተቀመጥሁ። 

አሁን የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ እንደ የሺ ሲያደርገው እናቱ መስኮቱን ትከፍታለች፣ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ታቀብለዋለች፣ እሱም ጥቂት አረፍ ብሎ ወደ ኳሱ ይመለሳል። እናቴ ደጅ ቁጭ ብላ ታየዋለች። የቃሉን ትርጉም ብዙ ጊዜ ነግሬያታለሁ፣ ራሷን እየነቀነቀች ትሰማኛለች። ስጨርስ ግን፦

«አይ የሺ» ትላለች፣ «ስሙን ብቻ ብትነግረን ኖሮ።»