ከሙታን ጋር የሚጠራ ስም

ደምለው በቅሎ አይመታም። ከደባርቅ ወደ ጨነቅ የቱሪስት ጓዝ አብረውት የሚጭኑት ጓደኞቹ «እሱ በቅሎዋን እየለመነ ነው የሚወጣው» እያሉ ይስቁበታል። ይሳቁ እንጂ! ያ እጅ በደርግ ጊዜ በጦሩ ውስጥ ምን ያህል ይፈራ እንደነበር የት አውቀው።

አስመራ ላይ፣ ለክፍለ ጦሮች ዋንጫ፣ አብሮት ከሠለጠነው ከድረስ ጋር ቦክስ ገጠመ። ወታደሩ ለዓመታት ያወራለት ግጥሚያ ነበር። በመጨረሻው ዙር በግራ ቡጢ አገጩን ሲለው ድረስ ተዘረረ፤ በቃሬዛ ወሰዱት። በማግሥቱ «ሞተ» ተባለ። ደምለው ሄዶ ሳያጣራ ጦሩ ወደ ግንባር ተንቀሳቀሰ።

መንግሥት ተለውጦ አገሩ ሲገባ ለንስሐ አባቱ ለቄስ ምስክር ተናዘዘ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጧፍና ዘቢብ ይዞ ይሄዳል፤ የድረስ የክርስትና ስም፣ ሃብተ ጊዮርጊስ፣ በቅዳሴ ከሙታን ጋር ይጠራል። ነገሩን ሚስቱ እንኳ አታውቅም።

በ2006 ዓ.ም. ክረምት፣ ቱሪስት በሌለበት ሰሞን፣ ጤናዬ ምግብ ቤት ሽሮ ሲበላ ቴሌቪዥኑ ስለዚያ ግጥሚያ ዘጋቢ ፊልም ጀመረ። የወጣትነት ፎቶውን ሲያይ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። ቀጥሎ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ ብቅ አለ። ድረስ ነው።

«ሞተ ብለው አስወሩብኝ፤ እኔ ሆስፒታል ሾርባ እጠጣ ነበር» አለ ድረስ እየሳቀ። «ደምለው በሕይወት ካለ አዲስ አበባ ይምጣና ይየኝ። ቂም የለኝም።»

አልገደለውም። ደምለው ደስታው እስኪመጣ ጠበቀ፤ አልመጣም። ቢሆንም ነገ በጠዋት አውቶቡስ እሳፈራለሁ ብሎ ቆረጠ። ወዲያው የተራኪው ድምፅ፣ ድረስ ፊልሙ ሳይጠናቀቅ ባለፈው ጥር ማረፉን ተናገረ።

«ጋሼ፣ ሽሮው ቀዘቀዘብዎት እኮ። ላሙቅልዎት?» አለች ጤናዬ።

«ተዪው፣ ጠግቤያለሁ።»

በማግሥቱ አውቶቡሱን ትቶ ቤተ ክርስቲያን ሄደ።

«አባቴ፣ ይህን ሁሉ ዓመት በቁሙ ያለ ሰው ነው ከሙታን ጋር ያስጠራሁ» አላቸው ለቄስ ምስክር።

ቄሱ ደንግጠው አማተቡ። «ወዮ! እንግዲያ ስሙን ከሕያዋን ጋር እናድርገዋ፣ ልጄ።»

«አይ፣ አሁንማ ሞቷል።»

«እንኪያስ ባለበት ይቆይ» አሉ።

ደምለው ዘቢቡን አስረከበ። በቅዳሴው ሃብተ ጊዮርጊስ ሲባል እንደ ወትሮው አንገቱን ደፋ። አልከበደውም፤ አልቀለለውምም።